ከካሳው በፊት ሙያው

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆለታ የዛሬ ወሬዋ መሬት ነው። ካሬው ስንት ገባ? ለተወሰደው መሬት ካሳው መቼ ይከፈላል? ማን ሸጦ ማን ገዛ? ወላጅ ሁሉ ልጁ ከእኩዮቹ በልጦ እንዲገኝ ይመኛል፤ ብልጫውን የሚፈልገው ግን ከይዞታ ወይም ከዘመድ ነው። በገዛ ከተማው ያለው ሌላ የብልጫ ምንጭ፣ ሙያ፣ እምብዛም አይነሳም።

ለምሳሌ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልን የድንች ሥራ እንይ። ለደጋው ድንች አምራች ዋናው ጠላት ምች ነው። ክረምቱ ሲበረታ ቅጠሉ ይጠቁርና በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳው እሳት የለበለበው ይመስላል። ማዕከሉ በሽታውን የተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን እያወጣ ለገበሬው አደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጃለኔን፣ በ2006 ጉደኔን፣ በ2009 በለጠን።

ዝርያ ብቻውን ግን ገበሬን ከገበሬ አይለይም። የሚለየው የዘር አያያዝ ነው።

በልማድ ትልልቁ ድንች ለገበያ፣ መካከለኛው ለድስት፣ ጥቃቅኑ ለዘር ይቀራል። ጥቃቅኑ ብዙ ጊዜ ከታመመ ተክል የተገኘ ስለሆነ በሽታው ከዘሩ ጋር ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። አያያዙን የተማረ ገበሬ ድንቹ ማበብ ሲጀምር ማሳው ውስጥ እየዞረ ከጤነኞቹ ተክሎች አጠገብ ችካል ይተክላል፤ ሲደርሱም ለብቻ ቆፍሮ ለዘር ያስቀምጣቸዋል። ማስቀመጫው ውድ ነገር አይደለም፤ ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠሩ መደርደሪያዎች፣ ነፋስና ብርሃን የሚያስገባ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ድንቹ በየመደርደሪያው ሳሳ ተደርጎ ይደረደራል። ፀሐይ በቀጥታ አይመታውም፣ ብርሃን ግን ያገኘዋል። ጨለማ ውስጥ የተከመረ ድንች የሚያወጣው ቡቃያ ነጭ፣ ረጅምና ሲነካ የሚሰበር ነው። ብርሃን ያገኘው ግን አጭርና ወፍራም ቡቃያ ይዞ እስከ መዝሪያው ለወራት ይቆያል።

በወልመራ፣ በጄልዱና በደንዲ ወረዳዎች ይህን የዘር አያያዝ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የተማሩ ገበሬዎች ድንች ሻጭ ብቻ ሆነው አልቀሩም። ዘር ሻጭ ሆኑ። የዘር ድንች ዋጋ ከድስቱ ድንች ይበልጣል፤ የጄልዱ ዘርም ሩቅ አገር ድረስ የሚፈለግ ሆነ። መሬታቸው አልሰፋም። ሆን ብለው ተምረው ከጎረቤታቸው የበለጠ አንድ ነገር አወቁ፣ ገበያውም ለዚያ እውቀት ከፈላቸው።

መሬት የሌለው ወጣትስ? እዚያው ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ። ንብ ሰፊ ማሳ አይጠይቅም። ዘመናዊው ባለ ፍሬም ቀፎ ውድ ከሆነ ወጣቱ ከአካባቢው እንጨትና ጭቃ የጨፈቃ ቀፎ መሥራት ይችላል። የንብ መንጋ ከፍሎ ማባዛት የቻለ ደግሞ ከማሩ በተጨማሪ መንጋውንም ይሸጣል።

ሆለታ ለትምህርት ባዳ አይደለችም። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህችው ከተማ ነው። ከዚያ የወጡ ወጣቶች ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ወደ ምዕራብ ዘልቀው የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበርን ከመሠረቱት መካከል ነበሩ። ሥልጠናቸው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ትምህርት ከሰው ጋር ይቀራል፤ ካሳ ግን ያልቃል። መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ገንዘቡን ቤት ሠርቶበት ወይም መኪና ገዝቶበት ሲጨርስ በእጁ የሚቀረው የሚያውቀው ሥራ ነው። ስለዚህ የመማሪያው ጊዜ ከካሳው በፊት ነው፤ መማር የሚገባውም ለእጁ የቀረበውንና ጎረቤቱ ገንዘብ የሚከፍልበትን ነው።

ሸክሙን ሁሉ በግለሰቡ ትከሻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሥልጠና ሲመጣ ስሙ አስቀድሞ የሚጠራው ሞዴል ገበሬ የተባለው አባወራ ነው። ዘሩን የምትለቅመው፣ የበሰበሰውን ከጤነኛው የምትለየው ሚስቱ እቤት ትቀራለች፤ መሬት የሌለው ልጁም አይታሰብም። ወረዳውና የቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ የሚቀጥለውን የሠልጣኞች ዝርዝር ሲያዘጋጁ ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰው ይመዝግቡ፤ አንዷ የቤቱ እመቤት፣ ሌላው ይዞታ የሌለው ወጣት ይሁን።