ቤቱን ከመግዛትህ በፊት ግድግዳውን አንኳኳ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ እቁብ ጥለህ፣ ከወር ደመወዝህ ቀንሰህ፣ ከዘመድም ተበድረህ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመሃል እንበል። በከተማው መካከል ቤት መግዛት የማይታሰብ ስለ ሆነብህ፣ አንድ ቅዳሜ ደላላ ተከትለህ በለቡ በኩል ወደ ፉሪ ትወርዳለህ። ፉሪ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር የገባ ሰፈር ነው። እዚያም ደላላው ግድግዳው እንደ እንቁላል የነጣ አንድ ቤት ያሳይሃል። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይማርካል። አንተም «ይኸው ቤቴ!» ለማለት ትቸኩላለህ።

እባክህ፣ ጥቂት ቆይ። የምታየው ቤቱን ሳይሆን የቤቱን ልብስ ነው።

አንድ የማውቀው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በግንቦት ወር እንዲህ ያለ ቤት ገዛ። በሐምሌ አንድ ሌሊት በማድቤቱ በኩል ያለው ልስን እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ወረደ። በማግሥቱ ሲያየው ከውስጥ ያሉት ቋሚዎች ግማሾቹ በስብሰው፣ ግማሾቹን ምስጥ በልቷቸው ነበር። ውሉን አውጥቶ ቢያነብ «አይቼ፣ ወድጄ፣ ገዝቻለሁ» ይላል። አይቷል፤ ግን አላንኳኳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አካባቢ አንዳንዱ ቤት በብሎኬት የተሠራ ነው፤ ብዙው ግን የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተመትቶ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ከላይ ሲሚንቶ የለበሰ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ የዝናብ ውኃ ደግሞ እንደ ልብ ተንኖ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለው፣ ከውስጥ ሆኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። በዚህ ላይ ቤቱ በጥቁር አፈር ላይ ከቆመ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

ይህ የእኛ ድህነት ብቻ ያመጣው ነገር እንዳይመስልህ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር የተስፋፋ ሰው ሠራሽ ልስን አለ፤ በቀላል አረፋ ሰሌዳ ላይ የሚቀባ ስስ ሽፋን ነው። በዚያ የለበሰው በአብዛኛው የጡብና የድንጋይ ግንብ ስለ ነበረ ደኅና ሠራ። አሜሪካኖች ግን በእንጨት ቤቶቻቸው ላይ ለበጡት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት፣ በሰሜን ካሮላይና በዊልሚንግተን ከተማ፣ ብዙ ውብ ቤቶች ከውስጥ በስብሰው ተገኙ። ውኃው በመስኮት ዙሪያ ገብቶ መውጫ አጥቶ ነበር። የፉሪው ጭቃ ቤትና የዊልሚንግተኑ ቪላ በሽታቸው አንድ ነው።

እንግዲህ ቤቱን እንዴት ትመረምረዋለህ?

አንደኛ፤ ከተቻለህ በክረምት ወይም ዝናብ በጣለ ማግሥት ሂድ። ደረቅ ግድግዳ ይዋሻል፤ እርጥብ ግድግዳ ግን እውነቱን ይናገራል።

ሁለተኛ፤ በጣትህ አንጓ ወይም በሳንቲም ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አንኳኳ። ደኅናው ልስን ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከግድግዳው የለቀቀው ግን እንደ ከበሮ ይጮኻል። የጮኸውን ቦታ በጠመኔ ክበብ። ክቦቹ መዳፍ የሚያክሉና ጥቂት ከሆኑ በጥገና ይድናሉ። የግድግዳውን ግማሽ ከያዙ ግን ልስኑ እንዳለ የሚወርድ ነውና ዋጋውን እንደገና ተነጋገር።

ሦስተኛ፤ ስንጥቁን ለይ። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነው ልስኑ ቶሎ ስለ ደረቀ የመጣ ነው፤ ብዙም አያስፈራም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ አግድም የሚወርድ፣ የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሷል። ጊዜ ካለህ በስንጥቁ ላይ ጥቂት ጄሶ አስለጥፈህ ቀኑን ጻፍበት፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና አላረፈም።

አራተኛ፤ ጎንበስ ብለህ የግድግዳውን እግር እይ። ልስኑ እስከ መሬት ወርዶ አፈር ከነካ እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ካየህ ምልክቱ ይኸው ነው። ባለቤቱን አስፈቅደህ ከመሬት አጠገብ ያለውን ቋሚ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርገው፤ እንደ ቅቤ ከተቀበለህ እንጨቱ ሞቷል።

አምስተኛ፤ ወደ ላይ ቀና በል። አሸንዳ አለውን? የጣራው ቆርቆሮ ከግድግዳው በቂ ወጣ ብሏልን? ከውስጥም ከቁም ሣጥን ኋላ ያለውን ማዕዘን አሽትት፤ የሻጋታ ሽታ በቀለም አይሸፈንም። በተለይ ኳርትዝ የሚባለው ሸካራ ቀለም በቅርቡ ተቀብቶ ካገኘህ፣ «ጋሼ፣ ይህ የተቀባው መቼ ነው? ከሥሩስ ምን ነበረ?» ብለህ ጠይቅ። አትፈር፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ጥገናውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከልስኑ ስለሚጀምር ነው። የሚጀመረው ከውኃው ነው። አሸንዳውን ስቀል፣ የጓሮውን መሬት ከቤቱ ወደ ውጭ አዘንብል፣ ቦይ አውጣ። ከዚያ ክረምቱ እስኪያልፍ ታገሥ። በጥቅምት ወር የለቀቀውን ልስን ደኅናው እስኪገኝ አስፈርፍር፤ የበሰበሰውን ቋሚ አስለውጥ፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር አስመርገህ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቅ። በእንጨቱ ላይ የሽቦ መረብ በምስማር ይመታ።

ለጭቃ ግድግዳ ብርቱ ሲሚንቶ አታስለስን፤ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራና 6 እጅ አሸዋ ይበቃል። ለብሎኬት ግን 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 ወይም በ4 እጅ አሸዋ ይሆናል። አሸዋውን በጠርሙስ ፈትነው፤ ከውኃ ጋር በጥብጠህ አስቀምጥ፤ ከላይ ወፍራም የአፈር ድርብ ከተኛ አሸዋው ይታጠብ። ግንበኛው በፍራታሶ አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ ልስኑን ለ7 ቀን ያህል ጠዋትና ማታ በቀስታ ውኃ እርጨው። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህልም ሳይለሰን ይቅር።

በመጨረሻ ስለ ሕጉ። ከሁሉ አስቀድሞ ካርታውን አይተህ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጥ፤ ካርታው ላልተረጋገጠ ቤት ልስን ማንኳኳት ከንቱ ድካም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ሻጭም ለተሰወረ ጉድለት ኃላፊ ነው፤ ነገር ግን ገዢው ሲዋዋል የሚያውቀውን ጉድለት በኋላ ሊከራከርበት አይችልም፤ አዲስ ያገኘውንም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ያየኸውን ጉድለት ሁሉ በወረቀት ጽፈህ፣ የጥገናውን ወጪ ግንበኛ አስገምተህ፣ ከመፈረምህ በፊት ከዋጋው አስቀንስ፤ ወይም ሻጩ አድሶ እንዲያስረክብህ በውሉ አስገባ።

ያ ጸሐፊ ቤቱን በብድር አድሶ እስከ ዛሬ ይኖርበታል። አሁን ጓደኞቹ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ይጠሩታል፤ እርሱም ከማንም አስቀድሞ ሳንቲም ከኪሱ ያወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንተም ቅዳሜ ወደ ፉሪ ስትወርድ አንድ ሳንቲም መያዝህን አትርሳ።