የገባው ቱቦ የሚወጣበት ቀን በሂሳቡ ላይ ይጻፍ

ነጋዴ ዕቃ ሲረከብ የዕቃውን ዓይነት፥ ብዛቱን፥ የአንዱን ዋጋና ጠቅላላ ድምሩን ለይቶ የማያሳይ ፋክቱር አይቀበልም። አስመጪውም የታሪፍ ቁጥሩ ያልታወቀ ዕቃ ከጉምሩክ እንደማይወጣለት ያውቃል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ነጋዴው ወይም ሠራተኛው ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ይዘነጋል። «ለሕክምና» ከሚል አንድ ቃል አጠገብ የተጻፈውን ገንዘብ ከፍሎ፥ ደረሰኙን አጥፎ በኪሱ ከትቶ ይሄዳል።

የዚህ ጉዳት በይበልጥ የሚታየው በኩላሊት ጠጠር ሕክምና ነው። ጠጠሩ ከኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ የሚወርደውን ቧንቧ በዘጋ ጊዜ ወይም ጠጠሩ ከወጣ በኋላ፥ ሐኪሞች ሽንቱ እንዲወርድ ስቴንት የተባለ ቀጭን ቱቦ በውስጡ ያኖራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው ዓይነት ሁለቱም ጫፎቹ የተጠመዘዙ ስለ ሆኑ ከስፍራው በቀላሉ አይንሸራተትም። ይሁን እንጂ በሰውነት ውስጥ ለዘወትር የሚኖር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ፥ ሐኪሙ በወሰነው ቀን፥ ሊወጣ ወይም ሊለወጥ ይገባዋል። ከዘገየ ከሽንቱ የሚወጣ ጨው ይጋገርበታል፤ ጀርም ይራባበታል፤ ኩላሊቱንም እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

እንግዲህ ሥራው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ማስገባትና ማውጣት። ሂሳቡ በአንድ ድምር ሲጻፍ ግን ከፋዩ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል ካለችው ከሉማሜ ተነሥቶ፥ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የታከመ የጤፍ ነጋዴ፥ ሕመሙ ከቀለለለትና ወደ ገበያው ከተመለሰ በኋላ ቱቦው በሰውነቱ መቅረቱን ቢዘነጋ አያስደንቅም፤ የሚያስታውሰው ወረቀት በእጁ የለምና። ቢያስታውስም የማውጫው ዋጋ ቀድሞ የተከፈለ መሆን አለመሆኑን ስለማያውቅ፥ ለጉዞውና ለሕክምናው የሚሆነውን ገንዘብ ከዕቃ መግዣው ለይቶ አላስቀመጠም።

በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ማሳተም የጀመረው መዝገብ ለእያንዳንዱ የሕክምና ሥራ ቁጥር ይሰጣል። ዛሬ በዚህ መዝገብ ስቴንት ማስገባት 52332፥ ያለ ችግር ማውጣት 52310 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለበሽታዎች ቁጥር አውጥቷል፤ በአሥረኛው እትም የዚህ ቧንቧ ጠጠር ኤን 20.1 ይባላል። የቁጥሩ ጥቅም ሁለት ነው፤ ከፋዩ የተሠራውን ካልተሠራው ይለያል፤ የታማሚውም ምስጢር ደረሰኙን ባየ ሰው ሁሉ ፊት አይገለጥም።

በኢትዮጵያም የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ከተጀመረ ወዲህ፥ ሂሳቡ የሕመምተኛው የግል ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የአንዱ ሕክምና ከብዙዎች መዋጮ ሲከፈል፥ ያልተዘረዘረ ሂሳብ ባለሱቁንም ገበሬውንም በእኩል ይጎዳል።

ዝርዝር መጻፍ የሂሳብ ሠራተኛውን ያደክማል፥ ሕመምተኛውንም በመስኮት ፊት ያቆማል የሚሉ ይኖራሉ። ነገሩ ግን አስቀድሞ በታተመ ቅጽ ላይ ጥቂት መስመር መሙላት ነው። የሐኪሙ ሥራ፥ ማደንዘዣው፥ የቱቦው ዋጋ፥ አልጋውና መድኃኒቱ ለየብቻቸው ይጻፉ። ቱቦው የገባው በቀኝ ወይም በግራ መሆኑ፥ የገባበትና የሚወጣበት ቀን፥ የማውጫውም ዋጋ በሂሳቡ መግባት አለመግባቱ ይታከልበት።

የሕክምና ዕቃ አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። የቱቦው መጠን፥ የምርት ቁጥሩና የአገልግሎት ዘመኑ በማሸጊያው ላይ ታትሞ ይመጣል። ከዚህ መግለጫ የሚላጥ ተጨማሪ ቅጂ ከዕቃው ጋር እንዲመጣ አምራቹን ቢጠይቁ፥ አንዱ በሕመምተኛው ካርድ፥ አንዱ በሂሳቡ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

በጅምላ ሲገዛ የአንዲት ጣቃ ጉድለት የማያልፈው ነጋዴ፥ ስለ ገዛ አካሉ በአንድ መስመር ሂሳብ ሊረካ አይገባውም። ከመክፈሉ በፊት «ማውጫውስ መቼ ነው? ስንትስ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሠራተኛውንም እንዲጠይቅ ያስተምር። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።