ነፋሱም ተጫዋች ነው

ጎልፍ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ቮልስዋገን ነው። አትስጉ፣ ስለ መኪና አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ «ታይገር ዉድስን ነፋስ ዘረፈው» ብሎ ሙጭጭ ያለ። እኔ ደግሞ አልዘረፈውም ባይ ነኝ። ፊት ለፊት ስንከራከር ድምፁ ስለሚበልጠኝ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ፤ እዚህ መጮህ አይችልም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2002 ዉድስ ማስተርስንና የአሜሪካ ኦፕንን አከታትሎ አሸንፎ ለብሪታንያው ኦፕን ስኮትላንድ ገባ። የዛሬዎቹን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ የወሰደ ሰው እስካሁን የለም። ጃክ ኒክላውስ በ1972 እንዲሁ ሁለቱን ወስዶ መጥቶ ነበር፤ እዚያው ሙርፊልድ ላይ በአንዲት ምት ተበልጦ ተመለሰ። ዉድስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያው ሜዳ ሁለት ቀን ተጫውቶ ከመሪዎቹ በሁለት ምት ብቻ ርቆ ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ተራው ደርሶ ሲወጣ ከባሕሩ በኩል ብርድና ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ ተነሣ።

በ71 ምት መጠናቀቅ የሚገባውን ሜዳ በ81 ጨረሰ። ባለሙያ ከሆነ ወዲህ እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ መጥፎ ውጤት አልነበረውም። 17ኛው ጉድጓድ ላይ፣ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከተመደበው በአንድ ምት አሳንሶ ሲያስገባ እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ሕዝቡን እጅ ነሣ። ምን ያድርግ፣ መሳቅ ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ብቻም አይደለም። ኮሊን ሞንትጎመሪ አርብ ዕለት 64 መትቶ ቅዳሜ 84 መታ። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሌሊት ልዩነት ሃያ ምት!

የጓደኛዬ ክርክር ባዶ አይደለም። ጠዋት የወጡት ማዕበሉ ሳያገኛቸው ገብተዋል። ጀስቲን ሌናርድ በዚያው ቀን 68 ነው የመታው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጠዋት የወጣው በማግስቱ ከሰዓት እንዲወጣ ስለሚደረግ ዕድል ትንሽ ትቻቻላለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ወደ መሪነት የተጠጋ ሰው ኋላ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዉድስ ማዕበሉ ላይ የወደቀው ጥሩ ስለተጫወተ ነው። ይኼ ያናድዳል፤ አልክድም።

ኧርኒ ኤልስ ግን ምን ይባል? እሱም ከመሪዎቹ አንዱ ስለነበር ኋላ ነው የወጣው። እሱንም ነፋሱ አገኘው፤ መጀመሪያ ላይ ምት ቆጠረበት። ግን አልተበታተነም። ትንሽ እያጣ ቆይቶ አየሩ ረገብ ሲል መለሰና በ72 ገባ። እሑድ ዋንጫውን ያነሣው እሱ ነው። ዉድስ እሑድ 65 መትቷል፤ ቅዳሜ የፈሰሰውን ግን የሚያፍስ አልነበረም።

በነፋስ ላይ መጫወት የራሱ ዕውቀት አለው። ሰው ነፋስ ፊት ለፊቱ ሲመጣ አጥብቆ መምታት ያምረዋል። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ኳሷ የምትበረው ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ነው፤ ወደ ላይ የሚያነሣትም ያ ሽክርክሪት ነው። አጥብቀህ በመታሃት ቁጥር ይበልጥ ትሽከረከራለች፣ ነፋሱም ይበልጥ ያነሣታል፤ ሽቅብ ወጥታ ቆማ ፊትህ ላይ ትወድቃለች። የሚያውቀው ሰው ረጅም የሚልከውን ዱላ ያወጣና ለስለስ አድርጎ ዝቅ ብላ እንድትሄድ ይመታታል። ጉልበት ቅናሽ ያገኛል ማለት ነው። በ2008 ሮያል በርክዴል ላይ፣ ነፋሱ አላስቆም ባለበት ኦፕን፣ ከሦስት ቀን ጨዋታ በኋላ ይመራ የነበረው የ53 ዓመቱ ግሬግ ኖርማን ነው። ልጆቹ ያሉት ከኋላው ነበር። በመጨረሻው ቀን ፓድሬግ ሃሪንግተን ቀደመው እንጂ።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ ሩጫ ያመጣብኛል። «በ100 ሜትር ከኋላ የሚገፋው ነፋስ በሴኮንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ሪከርዱ አይያዝም፤ ጎልፍ ለምን አይለካም?» ይላል። እውነቱን ነው። በ2011 ቦስተን ላይ ጄፍሪ ሙታይ ነፋስ ከጀርባው እየገፋው 2:03:02 ሲገባ፣ የኃይሌ 2:03:59 ባለበት በመቆየቱ ደስ ያላለን ስንቶቻችን ነን? (ሪከርዱ ያልተያዘው መነሻና መድረሻው ስለሚራራቅና ቁልቁለት ስለበዛው ነው፤ እኛ ግን ነፋሱንም ደጋግመን አንሥተናል።) ግን ሪከርዱ ባይያዝም ሙታይ የቦስተን አሸናፊነቱን አልተነጠቀም። ኤልስም የወሰደው ዋንጫ እንጂ ሪከርድ አይደለም። የዚያን ቀን ሰው ከሰው ጋር ነው የሚለካው።

እኔ ጨዋታው ይቁም የምለው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ኳሷ አልቀመጥ ካለች። በ2015 ሴንት አንድሩስ ላይ የሆነው እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ገደማ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ባለው ድምድም ሣር ላይ ኳሶቹ በነፋስ መንከባለል ሲጀምሩ ጨዋታው ቆመ፤ ከአሥር ሰዓት በላይ ተጠበቀ፤ ውድድሩም ሰኞ ላይ አለቀ። ተጫዋቾቹ ገና ሲጀመር መጀመር አልነበረበትም ብለው ተማረሩ። ልክ ናቸው። ካስቀመጥክበት የማትገኝ ኳስ ፊት ችሎታህ ምን ይረባሃል?

ነፋስ ሰው ዘረፈ ካልን ደግሞ እኔ የማዝነው ለዌብ ሲምፕሰን ነው። በ2011 ኒው ኦርሊንስ ላይ እየመራ ሳለ፣ 15ኛው ጉድጓድ ላይ ሕፃንም የማይስታት አጭር ምት ቀረችው። ሊመታት ሲዘጋጅ ኳሷ ነቅነቅ አለች። ጥፋተኛው ነፋሱ ነበር፤ የያኔው ሕግ ግን ይህን አይለይም፣ ተጫዋቹ ለመምታት ከተሰናዳ በኋላ ኳሷ ከተንቀሳቀሰች አንድ ምት ይቆጠርበታል። ሲምፕሰን ራሱ ተናገረና ምቷ ተቆጠረችበት፤ ከቡባ ዋትሰን ጋር እኩል ሆኖ በመለያው ተሸነፈ። ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ተጫዋቹ እንዳላንቀሳቀሳት እርግጠኛ ከተሆነ ቅጣቱ ቀርቷል። በ2019 ደግሞ ሣሩ ላይ አንሥተህ የመለስካትን ኳስ ነፋስ ቢወስዳት ወደ ቦታዋ መልሰህ ትመታለህ ተባለ።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «እሺ፣ እሱም ተዘርፏል» አለኝ። «እሱም» ነው ያለው። ዉድስን እንደሆነ አይለቅም።