ከሊማሊሞ ወዲህ

ሰሞኑን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ መስኮቴ ቀርቦ ወደ ውጭ አገር ገንዘብ መላክ እንደሚፈልግ ነገረኝ። በሹራቡ ላይ ጃኬት፣ በጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቧል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና ጋቢው አያስገርምም፤ አደራረቡ ግን ብርዱን የለመደ ሰው አደራረብ አልነበረም። «ለምን ጉዳይ ነው የምትልከው?» አልሁት። መጠየቅ ሥራዬ ነው።

«ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የሩቅ ምሥራቅ አገር ለስድስት ሳምንት ሕፃናትን እንግሊዝኛ እንዲያስተምር «ተመርጧል»። የተመረጠበትን ደብዳቤ በስልኩ አሳየኝ። ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ውስጥ የምዝገባ፣ የማደሪያና «የማስተባበሪያ» ክፍያ በዶላር እንዲገባ ያዝዛል። ገንዘቡን የሚሞላለት ሶዶ ከተማ በጋራዥ ሠራተኛነት የሚተዳደር ታላቅ ወንድሙ ነው። በዚያ ወረቀት ብቻ ምንዛሪ መላክ እንደማልችል ገለጽሁለት፤ ቀጥዬም ያልተጠየቅሁትን ምክር ጨመርሁ። ፊትህን ሳያይ፣ ድምፅህን ሳይሰማ የመረጠህ፣ መርጦም ለገንዘብ የሚያጣድፍህ ድርጅት ሁለት ጊዜ ሊጠረጠር ይገባዋል አልሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ በዚህች መስኮት በኩል ዓለምን እንዴት ያዩታል?» አለኝ። ማታ ማታ ስንኝ ለምቋጥር ሰው አባባሉ አላስከፋኝም፤ እንዲያውም ቀናሁበት።

ከኋላው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። እኔም አንዲት ጥያቄ ብቻ አስከተልሁ፤ ደባርቅ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው? ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ከከተማው ሰው ማንን ታውቃለህ? ጥቂት አሰበ። ፎቶ ኮፒ የሚያነሣለትን ልጅ ያውቃል፤ ከግቢው በር አጠገብ ቡና የምታፈላውን ሴትም ያውቃል። ስሟን ጠየቅሁት። አላወቀውም።

እኔ ግን በዚህ ልጅ ላይ ለመፍረድ የመጨረሻው ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርሁት ኦሮምኛ በሚነገርበት ከተማ ነው። ሦስት ዓመት ኖሬ ከቋንቋው ይዤ የወጣሁት እስከ ዐሥር መቁጠርንና «ሜቃ» ማለትን ነው፤ ስንት ነው ማለት ነው። ለመግዛት የሚበቃ ቋንቋ! ልብሳችንን የምታጥብልን ሴት ነበረች፤ ስትመጣ አማርኛዋ የተሰባበረ ነበር፤ እኔ ስመረቅ ግን ቀልድ ትቀልድበት ነበር። የእኔን ቋንቋ እሷ ተማረች፤ ዲግሪ የተሰጠው ግን ለእኔ ነው። ዛሬ ስሟን ለማስታወስ ብዙ ጊዜ እታገላለሁ።

ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን «ግቢ» ይለዋል። ቃሉ ራሱ አጥር አለው። በአጥሩ ውስጥ ዶርም አለ፣ ካፌ አለ፣ በሽሮው ውፍረትና ቅጥነት ላይ የሚካሄድ የማያልቅ ክርክር አለ፣ የፈተና ሰሞን የላይብረሪ ወንበር ሽሚያ አለ። ደግ ዓለም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ ወጣት ተሰብስቦ፣ ሦስትና አራት ዓመት በአንዲት ከተማ ጫፍ ኖሮ፣ ከከተማይቱ ጋር ሳይተዋወቅ መለያየቱ ያሳዝነኛል። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ከጀመረ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህን በየዓመቱ በዓይኔ አያለሁ። ልጆቹ የባሕር ማዶን በጎ ፈቃድ ሲመኙ የማላሾፍባቸውም ለዚህ ነው። ወደ ሌላው ሰው ቤት የመግባት ረሃብ አለባቸው፤ ነገር ግን ቤት ሲሉ የሚታያቸው ባሕር የተሻገረው ብቻ ነው።

በእኛ አገር በጎ ፈቃድ ሲነሣ የአዛውንቱ ትዝታ ወደ ሰላም ጓድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1962፣ በእኛ በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን አዲስ አበባ ገቡ። አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ነበሩ፤ ጎንደርን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። መሪያቸው ኋላ በአገራቸው የሴኔት አባል የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ጓዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኢትዮጵያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፈቃደኞቹ ከመላው ዓለም ሲጠሩ እዚህ የነበሩትም ሻንጣቸውን አነሡ። የዚያ ዘመን የተማሪዎች ንቅናቄ በጥርጣሬ ያያቸው ነበር፤ ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና ጥርጣሬው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይመስለኝም። ያ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።

እኔ ከእነርሱ ልወስድ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ገና ከዋሽንግተን ሳይነሡ፣ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረዋል። በኋለኛው ዘመን የመጡትም መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል በአንድ ቤተሰብ ቤት ተቀምጠው ቋንቋና ወግ ይለማመዱ ነበር፤ እጅ መታጠብን፣ ጉርሻ መቀበልን፣ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ማለትን። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት! ስድስት ሳምንት አይደለም። በስድስት ሳምንት ሰው ስሕተቱን እንኳ ሠርቶ አይጨርስም። ያ የእንግድነት ትምህርት ባይኖር ኖሮ ከዚያ ሁሉ መምህር የሚታወሰው ሰዋስው ብቻ በሆነ ነበር።

ለመሆኑ የእኛስ ተማሪ? እዚህ ላይ ግጥም የሚወድ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው በዓል ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። በእነዚህ በሁለቱ ግጥሞች መካከል፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ጀመረ። ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወጥቶ ያገለግላል፤ ብዙው ያስተምር ነበር። ሦስቱን ነገሮች በዚህ ቅደም ተከተል ሳስቀምጣቸው አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል። መጀመሪያ ተማሪው በድሃው ስም ተናገረ፤ ቀጥሎ ድሃው ዘንድ ሄዶ አንድ ዓመት ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ የተነሣው ቃል ጥያቄ ሆነ። ግጥሞቹ አንዱ ሌላውን ወለደ እያልሁ አይደለም፤ ኢብሳም የጠየቀው በራሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሰውን በቅርበት ካዩት በኋላ በስሙ መናገር እንደሚከብድ፣ መጠየቅ እንደሚቀል እኔም በአቅሜ አውቃለሁ። ስለ ሊማሊሞ ገበሬ የጻፍኋቸውን ግጥሞች በሙሉ አንድ ገበሬ ቤት ካደርሁ በኋላ ቀድጃቸዋለሁ።

አገልግሎቱ ጉድለት አልነበረውም አይባልም። ግዴታ ነበር፤ ያማረረውም ብዙ ነው። እንዲያም ሆኖ የዘመኑን የተማሪ ሐሳብ ወደ ክፍለ አገር ትምህርት ቤቶች ካደረሱት መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የመጣው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። በዚያ ፈቃዱ የተማሪው ሳይሆን የደርግ ነበር፤ ያልተመለሱም አሉ። ሆኖም የዘመተ ሰው ስለ ዘመተበት ቀበሌ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የወንዙን ስም፣ የአሳዳሪውን ስም፣ የውሻውን ስም ሳይቀር ይነግራችኋል። ሦስት ዓመት የተማርሁባትን ከተማ እኔ በዚያ መጠን መናገር አልችልም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ከተመሠረተበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ በጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። ጎረቤታችን ዳባትም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የጤና ጥናት ጣቢያ ናት፤ በየቤቱ የተወለደውና የሞተው ይመዘገባል። ይህ በጎ ፈቃድ አይባልም፤ ትምህርት ነው። ግን በር ያስንኳኳል።

«እንግዲያው ልጁ ውጭ አይሂድ ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። የለም። ኢትዮጵያውያን ተጠርተው ሄደዋል፤ ኮርተንባቸዋልም። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያስጨንቅ ወደ 200 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎቻችን በአፍሪካ ኅብረት ጥሪ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው የኅብረቱ የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድም ወጣቶችን ከአገራቸው ውጭ፣ በሌላ የአፍሪካ አገር እንዲያገለግሉ ይልካል፤ ወጪውንም ከአገልጋዩ ኪስ አይሰበስብም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ የሄዱት የሚጠራቸው ስላለና የሚሰጡት ስላላቸው ነው። ደንበኛዬን የጠራው ግን ሕፃን አይደለም፤ ደረሰኝ ነው። እንግሊዝኛን ያስተምራቸው ዘንድ የሚጠብቁት ሕፃናት እዚያ ይኑሩ አይኑሩ እንኳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በወንድሙ ላብ ለራሱ ፎቶግራፍ ሊገዛ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ይህን ግን ፊት ለፊት አልነገርሁትም።

በጎ ፈቃድ የሚለውን ቃል ከማወቃችን በፊት ነገሩን እናውቀው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከሊማሊሞ ሥር ወደ አዲአርቃይና ወደ ዛሪማ ሲደርስ ሕዝቡ ያን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደባርቅን ሞላት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለጦር መኪናው የቀየሰውን መንገድ እናቶች ልጅ አዝለው ወጡት። ለተጠለሉት እንጀራና ቆሎ ተሸክመው የሄዱት የከተማችን ሴቶች በአንገታቸው ካርድ አላንጠለጠሉም። ብትጠይቋቸው ስም የሚያወጡለት አይመስለኝም።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ወጣቱ ወደ ሰው አገር ከመሄዱ በፊት እንግድነትን እዚሁ ይማር፤ የሚማርበትንም ቤት እንስጠው። በ2012 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባል ነገር ተጀምሮ ነበር፤ ከሩቅ የመጣን ተማሪ አንድ የከተማው ቤተሰብ እንደ ልጁ ይቀበለዋል፤ በበዓል ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል። በየግቢው ሰላም የታጣበት፣ ወላጅ ልጁን ለመላክ የሰጋበት ጊዜ ነበርና ሐሳቡ የመጣው ከችግር ነው። ለእኔ ግን ከችግሩም በኋላ ሊቀር የማይገባው ነው። በምዝገባ ቀን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከፍራሽና ከካፌ ካርድ ጋር የአንድ ቤት አድራሻ ቢሰጠው ምን ይጎድላል? መማር ያለበት አማርኛውን ብቻ አይደለም፤ ደንበኛዬ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። የአካባቢውን ሰላምታ ነው። እዚህ «እንዴት አደሩ» ብሎ ማለፍ ሰላምታ አይባልም፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ተራ በተራ ካልተጠየቁ ሰውየው ገና ሰላም አልተባለም። ቤተሰቡም በተራው የሶዶን ሰላምታ ቢማር ክፋት የለውም። የእኔን ልብስ ያጠበችው ሴት ከእኔ የሚገባትን አላገኘችም።

የልጁን ነገር ልጨርስ። ከዐሥር ቀን በኋላ በገበያ ቀን ተመልሶ መጣ። ገንዘቡን በሌላ መንገድ ልኮት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። በገበያ ቀን የባንካችን አዳራሽ እንዴት እንደሚጨናነቅ ያየ ያውቀዋል፤ የበግ፣ የቅቤና የዝናብ ልብስ ሽታ አንድ ላይ ይገባል። አንዲት ባልቴት በግ ሸጠው ሊያስቀምጡ መጥተዋል። መጻፍ አይችሉም፤ ቅጹን ዘቅዝቀው ይዘው እስክሪብቶ የያዘ ሰው ይፈልጋሉ። ልጁ ጋ ደረሱ።

«ልጄ፣ ይህችን ሙላልኝ።»

ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም እየጠየቀ ሞላላቸው። እንዲፈርሙ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ አቀረበላቸው። ባልቴቷ ቀና ብለው አዩት።

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቱን ስም ነገራቸው።

«አላወቅሁትም። አገርህ ወዴት ነው?»

«ወላይታ ነው እማማ፤ ሶዶ።»

ጥቂት አሰቡ። «ከሊማሊሞ ወዲያ ነው ወዲህ?»

ልጁ በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ አየ። በጣቴ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ጠቆምሁለት።

«ወዲህ ነው እማማ። ግን በጣም ሩቅ ነው።»

«ወዲህ ከሆነማ ቅርብ ነው» አሉና የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው ብሩን በእጁ ላይ አኖሩለት። እኔ ልቁጠረው ብል እሺ አላሉኝም፤ እሱ ይቁጠርልኝ አሉ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ ሁለት ጊዜ ቆጠረው።