ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ያውጣው፤ ሚዛኑን ግን ማን ይወስን?

የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ፖለቲካ ነው የሚል የለም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ የሚል ሠንጠረዥ ነው፤ አይተን እንገለብጣለን፣ እናልፋለን። ያ ወረቀት ግን ብዙ ይወስናል። አንዲት እናት ልጇን አድርሳ ሥራዋ ላይ በሰዓቱ ትደርስ እንደሆነ፣ አንድ መምህር ሁለት ክፍለ ጊዜ ለማስተማር ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ እንደሆነ፣ አንዲት ነርስ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ የሚወስነው እሱ ነው። የሰውን ውሎ ይህን ያህል እየወሰነ እንደ ፕሮግራም ጥያቄ የማይነሳበት ወረቀት ጥቂት ነው።

በብዙ አገር ይህን ወረቀት አሁን የሚያዘጋጀው ኮምፒውተር ነው። እኛም ጋ እየገባ ነው፤ መግባቱም ደግ ነው። የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ ኮምፒውተሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የምንሰጠው ሚዛን በይፋ ይጻፍ፣ ይታይ፣ ይጠየቅበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር። አሥር ፈተናዎችን በአሥር የተለያዩ ሰዓቶች ለመደልደል 3,628,800 አማራጮች አሉ። ፈተናውም ሰዓቱም ሃያ ሃያ ሲሆን አማራጩ ከ2 ቢሊዮን ቢሊዮን ያልፋል። በዚህ ላይ መምህሩ፣ የመማሪያ ክፍሉ፣ ቤተ ሙከራውና የስፖርት ሜዳው ሲጨመርበት የዩኒት ሊደሩ ራስ ምታት ከየት እንደሚመጣ ይገባናል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ካልቪን ጎትሊብ የመምህርና የክፍል ድልድልን ለኮምፒውተር ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ይህም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በ1976 ደግሞ ሺሞን ኢቨን፣ አሎን ኢታይ እና አዲ ሻሚር የተባሉ እስራኤላውያን ተመራማሪዎች ጥያቄው በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ተርታ እንደሚመደብ አረጋገጡ። በቀላል አማርኛ፣ ለየትኛውም ትምህርት ቤት ሁልጊዜ በፍጥነት ምርጡን ፕሮግራም የሚያወጣ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም፤ አብዛኞቹ የዘርፉ ሊቃውንትም ይገኛል ብለው አይጠብቁም።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው በቂ የሆነ መልስ ነው። አንድ ድልድል ይይዛል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ አንዱን ክፍለ ጊዜ ከሌላው ያቀያይራል፣ ነጥቡ ከተሻሻለ ይቀበላል፣ እንደገና ይሞክራል። ደንቦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፈጽሞ የማይጣስ ነው፤ ለምሳሌ አንድ መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ሊገባ አይችልም። ሁለተኛው ቢሟላ የሚመረጥ ነው፤ ሒሳብ ጠዋት ቢሆን፣ የመምህራን ባዶ ክፍለ ጊዜ ባይበዛ፣ ከሩቅ የሚመጡት መጀመሪያ ላይ ባይገቡ። የሁለተኛው ዓይነት ደንቦች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። የትኛው ይቅደም የሚለውን ኮምፒውተሩ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ደንብ ክብደት የሚሰጠው ሰው ነው፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ከሌሎች ከተሞች በላይ በግልጽ ያየችው ቦስተን ናት። የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከበጀታቸው አሥር በመቶ ገደማ የሚወጣው ለተማሪዎች ሰርቪስ ነበር። በ2017 መፍትሔ ላለው ሁሉ ክፍት ውድድር አወጡ፤ ያሸነፉትም ፕሮፌሰር ዲሚትሪስ በርትሲማስ እና ተማሪዎቻቸው፣ ከኤምአይቲ ነበሩ። ቀድሞ ብዙ ሰው ለሳምንታት ይደክምበት የነበረውን የአውቶቡስ መስመር የእነሱ ፕሮግራም በግማሽ ሰዓት ገደማ ሠራው። 50 አውቶቡሶች ተቀነሱ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተረፈ። እስከዚህ ሁሉም አጨበጨበ።

ቀጥሎ የመጣው የትምህርት መጀመሪያ ሰዓት ነው። አውቶቡሶቹ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስለሚዞሩ ሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት ሊጀምር አይችልም፤ አንዱ ሲቀድም ሌላው ይዘገያል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 የጎረምሳ እንቅልፍ ይጠበቅ ዘንድ ለታዳጊዎች ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ባይጀምር ይሻላል ብሎ ነበር። ከተማዋም ተመራማሪዎቹን አዘዘች፦ ትልልቆቹ ይዘግዩ፣ ትንንሾቹ ሳይመሽ ቤታቸው ይግቡ፣ ወጪውም አይብዛ። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን አደረገ። ታኅሣሥ ላይ ውጤቱ ይፋ ሲሆን ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ትምህርት ቤቶች ሰዓታቸው ተቀይሮ ተገኘ። የአንዳንዶቹ ለውጥ እስከ ሁለት ሰዓት የሚደርስ ነበር። ከጠዋቱ 1፡15 ገደማ እንዲጀምሩ የተመደቡ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ነበሩበት። ቀድሞ የገባ ደግሞ ቀድሞ ይለቀቃል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ከምሳ በኋላ ሲለቀቅ ደሞዝተኛ እናቱ ማን ይረከብልኛል ትበል?

ወላጅ አዳራሽ ሞልቶ ጮኸ። ወሩ ሳይወጣ የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ ቶሚ ቻንግ ዕቅዱን አነሱት። ብዙ ሰው ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ላይ ጣለ። ጆይ ኢቶ እና ኬድ ክሮክፎርድ ግን በቦስተን ግሎብ ጋዜጣ አንድ ቁም ነገር ጻፉ፤ ኃላፊዎቹ ያዘዙትን ስለፈጸመ ቀመሩን አትውቀሱ አሉ። ልክ ናቸው። «ሰው በስንት ደቂቃ ቢቀየርበት ይችላል?» የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ክብደት አላገኘም ነበር። ወላጆች አስቀድመው በመጠይቅ ተጠይቀዋል፤ የትኛውን ሰዓት ትመርጣለህ ተብሎ መጠየቅ ግን የምትወደውን ለማግኘት ምን ትለቃለህ ተብሎ ከመጠየቅ ይለያል።

እዚህ ላይ የምንማረው ሌላም አለ፤ እሱ ደግሞ እኔ ለምከራከርለት ሐሳብ አይመችም። ዕቅዱ ሲወድቅ የቀረው የድሮው ፕሮግራም ፍትሐዊ አልነበረም። ምቹ የሚባለው የጠዋት ሰዓት ይበልጥ የደረሰው ለነጭ ተማሪዎች ሲሆን፣ አዲሱ ዕቅድ ጥቅሙን በየዘሩ ያመጣጥን ነበር። ተሰብስቦ የጮኸው ሰው ሁሉ የተበደለ አልነበረም፤ ጊዜና ጉልበት ያለውም ነበረበት። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት አዳራሽ ለመምጣት ፈቃድ አታገኝም። ስለዚህ ሕዝብ ይጠየቅ ማለት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ መቼና ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበትም መታወቅ አለበት።

ወደ ሥራ ቦታ እንሻገር፤ ይሄኛው አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንን በቀጥታ የሚነካ ነው። ሱቅ፣ ካፌ፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠሩ ሺፍታችሁን ማን እንደሚያወጣው ታውቃላችሁ። ሶፍትዌሩ ገበያው ስንት ሰዓት እንደሚደምቅ ይገምታል፣ በዚያው ልክ ሠራተኛ ይደለድላል። ለባለሱቁ አንዲት ትርፍ ሰዓት አትባክንም፤ ሠራተኛው ግን የነገ ውሎውን ዛሬ ማታ ይሰማል። ነሐሴ 2014 ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት የስታርባክስ ሠራተኛ በዚህ አሠራር እንዴት እንደተንገላታች ጻፈ። ኩባንያው በማግስቱ ማታ ዘግቶ የወጣ ሠራተኛ ጠዋት እንዲከፍት አይመደብም፣ ፕሮግራምም ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይወጣል አለ። ሶፍትዌሩን አልጣለም፤ ደንብ ጨመረበት።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል ደግሞ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ነገሩን በሕግ አሰረችው። ትልልቅ የችርቻሮና የምግብ ድርጅቶች ፕሮግራም ከ14 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ ግዴታ ሆነ። በሁለት ሺፍቶች መካከል 10 ሰዓት ዕረፍት ካልኖረ ሠራተኛው ፈቅዶ፣ ያለ ዕረፍቱ ለሠራበት ሰዓት የአንድ ተኩል ክፍያ ያገኛል። ይህ ያከስረናል ያሉ ነበሩ። ነገር ግን በ2018 ይፋ የሆነ፣ ጆአን ዊልያምስ፣ ሱዛን ላምበርት እና ሳራቫናን ኬሳቫን በጋፕ መደብሮች ያካሄዱት ጥናት፣ የሠራተኛው ሰዓት የተረጋጋባቸው መደብሮች ሽያጭ 7 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ። ሶፍትዌሩ ባዶ የቆመ ሠራተኛን ኪሳራ አድርጎ ሲቆጥር የኖረው፣ እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛን ኪሳራ አድርጎ እንዲቆጥር ማንም ስላላዘዘው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መስከረም የሚገባው በጊዜያዊ ፕሮግራም ነው። ዩኒት ሊደሩና ምክትል ርዕሰ መምህሩ በእርሳስና በላጲስ፣ ሲሻል በኤክሴል ይታገላሉ። መምህር ሲዛወር፣ መምህርት ስትወልድ ሁሉም ይፈርሳል፤ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከሆነማ ድካሙ እጥፍ ነው። ይህ የብዙ ሳምንት ትምህርት ይበላል። መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ሮማንያዊው ሊቪዩ ላሌስኩ በ2002 የጀመረው ኤፍኢቲ የተባለ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ማንም ትምህርት ቤት አውርዶ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሶፍትዌሩን ከፍታችሁ ስታዩት ግን ያልኩት ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለብዙዎቹ ደንቦች ከ0 እስከ 100 በመቶ ክብደት ይጠይቃል። መቶ ያገኘ ደንብ አይነካም። አምሳ ያገኘ ቦታ ሲጠብ ይገፋል። ቁልፉን የሚጫነው ሰው «መምህር እከሌ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ አይገባም» በሚለው ፊት መቶ፣ «የምታጠባ መምህርት ቀድማ ትውጣ» በሚለው ፊት አምሳ ቢጽፍ ማን ያየዋል? በእርሳሱ ዘመንም አድልዎ ነበር። ለአለቃ የቀረበ መምህር ፕሮግራሙ ተከታታይ ሆኖ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፣ አዲስ የመጣው የጠዋቱን መጀመሪያና የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ይዞ መሃሉን ሻይ ቤት ያሳልፋል። ያኔ ግን ቢያንስ ሄደህ ትጨቃጨቅ ነበር። ዛሬ «ሲስተሙ ነው ያወጣው» ትባላለህ። ይህ ሰበብ በባንክ፣ በቀበሌ፣ በየቢሮው መስኮት ላይ ምን ያህል እንዳሰለቸን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ትምህርት ቤትም ይሁን ሆስፒታል፣ የአውቶቡስ ድርጅትም ይሁን ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮግራሙን በኮምፒውተር ሊያወጣ ሲነሳ አራት ነገር ይጠየቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ ሚዛኑ ከፕሮግራሙ ቀድሞ ይለጠፍ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የማይጣሱት ደንቦች እነዚህ ናቸው፣ የሚመረጡት እነዚህ፣ ክብደታቸው ይህን ያህል። ሰው ስሙ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚወድቅ ሳያውቅ የተስማማበት ደንብ በኋላ ለመከራከርም ይመቻል።

ሁለተኛ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ሦስት አማራጭ ይቅረብ። ማሽኑ ይህን በአንድ ሌሊት ይሠራዋል። ይህኛው ለተማሪ ይሻላል፣ መምህራንን ያንገላታል፤ ያኛው ደግሞ በተቃራኒው፣ ተብሎ ይነገር። የቦስተን ወላጆች ዋጋውን ያዩት ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ነበር።

ሦስተኛ፣ ክፉው ሰዓት ይዙር። ሁሉንም የሚያስደስት ፕሮግራም አይኖርም፤ የሌሊት ፈረቃውን፣ የዓርብ ከሰዓቱን አንድ ሰው መያዙ አይቀርም። ያው ሰው በየሴሚስተሩ እንዳይሆን ግን ኮምፒውተሩ ያለፈውን ድልድል እንዲያስታውስ ማዘዝ ይቻላል። ማስታወሻው በሥርዓት ከተያዘ ይህን ከሰው በላይ ያደርገዋል።

አራተኛ፣ አቤቱታ የሚሰማ፣ ማረም የሚችል፣ ስም ያለው ሰው ይኑር። አቤቱታውም እጁን ላወጣ ብቻ አይሁን፤ ስብሰባ ለማይደርሱት በወረቀትም በስልክም ይቀበል።

«ይህን ሁሉ ብናደርግ መቼ ሥራ ይጀመራል?» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው፤ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ምን እንደሚመስል አገራችን በደንብ ታውቃለች። ነገር ግን እኔ የጠየቅኩት የአንድ ገጽ ወረቀት እና የአንድ ሳምንት ውይይት ነው። ዛሬ የመስከረምን ሳምንታት በላጲስ እያቃጠልን እንደሆነ ካሰብን ዋጋው ትንሽ ነው። ውይይት የዘለለ ፕሮግራም ደግሞ የቆጠበውን ጊዜ በኩርፊያ፣ በቀሪና በዝውውር ጥያቄ መልሶ ይከፍለዋል።

የመጪውን ዓመት ፕሮግራም በኮምፒውተር ልናወጣ ነው የሚል ማስታወቂያ በልጃችሁ ትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ከዚያ ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የትኛው ደንብ መቶ አገኘ፣ የትኛው አምሳ? መልሱ «ሲስተሙ ነው» ከሆነ አትመለሱ። ቁጥሩን የጻፈ ሰው አለ፤ እሱን አስጠሩልን በሉ።