አፈሩን ሳንለካ መድኃኒት አንዘዝ

እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ የቡና ተክል አለ። አምና ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ አረንጓዴ የቀሩት ጅማቶቹ ብቻ ነበሩ። እኔም እንደ ዘመኔ ሰው ስልኬን ከፈትኩ። «ቡና አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ የቡና አተላ ድፉበት» የሚል ምክር በየቪዲዮው ሞልቷል። እናቴ በቀን ሦስቴ ስለምታፈላ አተላ አልቸገረንም። ለወራት ደፋን። ተክሉ ግን ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

በመጨረሻ አንድ የአፈር ባለሙያ ወዳጄን አማከርኩ። የመለሰልኝ በጥያቄ ነው፦ «አፈሩን ለካችሁት?»

አልለካንም ነበር። ስናስለካው ፒኤች 7.9 ወጣ። ለካስ ቤቱ ሲታደስ የተረፈው ሲሚንቶና ኖራ የተቀበረው እዚያው ጥግ ኖሯል! ለቡና የሚስማማው ከ5 እስከ 6.5 ገደማ ነው። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል፤ ቅጠሉም ይገረጣል።

አተላውስ ለምን አልሠራም? ቡና ሲፈላ አብዛኛው አሲድ ከውሃው ጋር ስለሚወጣ ነው። የበሰለ ኮምፖስትም ብዙ ጊዜ ለገለልተኛ የቀረበ ነው። ኮምፖስት አፈር ያለሰልሳል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ንጥረ ነገሮችን ለሥር ያቀርባል፤ ብቻውን ግን ፒኤችን ብዙ አያወርድም። የሚያወርደው ድኝ ነው፤ እሱንም የአፈር ተህዋስያን ወደ አሲድ እስኪቀይሩት ወራት ይፈጃል። ኖራ ባለበት አፈር ደግሞ አሲዱ መጀመሪያ የሚያልቀው ከኖራው ጋር ሲታገል ነው። ስለዚህ ፍርስራሹን ቆፍረን አወጣን፤ በቀይ አፈርና በኮምፖስት ተካነው። ዘንድሮ የወጣው ቅጠል አረንጓዴ ነው።

ይህን የግቢ ወሬ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን ትልቁ የአፈር ችግር የእናቴ ግቢ ተቃራኒ ነው። ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሥርን መመረዝ ይጀምራል፤ ፎስፈረስም አፈሩ ውስጥ ይታሰራል። የጎጃምና የወለጋ ደጋ ገበሬ የሚያስፈልገው ኖራ ነው። እኛ ቆፍረን የጣልነው ነገር እዚያ መድኃኒት ነው! በአዊ ፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ የእህል ማሳውን ለከሰል በሚሆን ዲከረንስ ተክቶታል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አሲዳማነቱ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ደግሞ ጨዋማና አልካላይ አፈር ይጠብቀናል።

እንዲህ ባለ አገር ለሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ገበሬውን ማክሰር ነው። «ምርመራ ውድ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በብድር የተገዛ ማዳበሪያ አሲዳማ አፈር ውስጥ ገብቶ ፎስፈረሱ ሲታሰር የሚደርሰው ኪሳራ ይብሳል። እኔ የከሰርኩት ጥቂት ወራትና አተላ ነው፤ ገበሬው የሚከስረው የዓመት ቀለቡን ነው።

ስለዚህ ከማዳበሪያ ኩፖን በፊት የአፈር ውጤት ይቅደም። ፒኤች መለኪያ በየወረዳው፣ ከተቻለም በየቀበሌው ይኑር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ምክሩን ከመስጠቱ በፊት ከአራት አምስት ቦታ፣ 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍሮ አፈር ይውሰድ፤ ቀላቅሎም ያስለካ። ግቢያችሁ ውስጥ ተክል ያላችሁም እንደዚሁ አድርጉ።

ሐኪም እንኳ ሳይመረምር መድኃኒት ካዘዘ እንቆጣለን። ለሚያበላን አፈር ይህን ያህል እንኳ አንቆርቆርለትም?

ቸር ይግጠመን።