ግንቦት ጸድቆ ነሐሴ የደረሰ ውሳኔ

በ1986 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ሩዋንዳ፣ ሲያንጉጉ ገባሁ። የመገናኛ ወታደር ነበርኩ፤ ያደግሁት ግን ጅማ አካባቢ፣ ቡና መሀል ነው። ስለዚህ ከመኪናው ላይ ሆኜ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ማሳው ላይ ነበር። ቡናው ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ጀንፈል ሆኗል። ቡና በሳምንት እንዲህ አይሆንም። ለቃሚው ከጠፋ ቆይቷል ማለት ነው።

የተላክነው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 918 መሠረት ነው። የሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ መጋቢት 29 ጀመረ። ምክር ቤቱ ሚያዝያ 13 ቀን በውሳኔ 912፣ እዚያ የነበረው ሰላም አስከባሪ ወደ 270 እንዲቀነስ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ከ15ቱ ወንበሮች በአንዱ የገዳዩ መንግሥት ተወካይ ተቀምጦ ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ግንቦት 9 ቀን 918 ጸደቀ፤ 5,500 ወታደር ፈቀደ።

ድርጅቱን በጸደቁ ውሳኔዎች ብዛትና በድምፅ ቆጠራ የሚመዝኑ አሉ። በዚያ ሚዛን 912ም ያልፋል። እኔ የምቆጥረው ውሳኔው ከጸደቀበት ቀን ሰው መሬት ላይ እስከደረሰበት ቀን ያለውን ነው። 918 ሲጸድቅ ወታደሩን ማን እንደሚያጓጉዝ፣ ማን እንደሚያስታጥቅ አልተቆረጠም ነበር። የአፍሪካ አገሮች ሰው እንሰጣለን ቢሉም ተሽከርካሪ አልነበራቸውም፤ አሜሪካ የምታከራየው 50 ብረት ለበስ ደግሞ በዋጋና በማጓጓዣ ድርድር ሳምንታት ፈጀ። ሐምሌ 18 ሩዋንዳ ውስጥ የነበረው ሰላም አስከባሪ 550 ብቻ ነበር። ጭፍጨፋውን ያስቆመው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ጦር ነው።

ስለዚህ አዲስ ውሳኔ በወጣ ቁጥር ጋዜጦቻችን ከድምፁ ቆጠራ ጋር እነዚህን ይጠይቁልን፦ ወታደሩ የማን ነው? መኪናው የት ቆሟል? የሚነሳው መቼ ነው? ይህን ስል ሰላም አስከባሪ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። 270 ብቻ ይቅሩ ሲባል ከዚያ በልጠው ኪጋሊ የቀሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ጋናውያን ናቸው። ጥይትና ምግብ እያጠራቸው በሺዎች የሚቆጠር ሰው አትርፈዋል። ያን ጊዜ 5,500ው ገና ወረቀት ላይ ነበር።